«አፕዴት ማድረግ ብቻ ነው» ለምትሉኝ ሁሉ

እስቲ ዛሬ ብሶቴን ልተንፍስ፣ አለበለዚያ ጨጓራዬ ተልጦ ማለቁ ነው። መሥሪያ ቤታችን ሰርቨር ክፍል ጥግ ላይ አንድ ሰን አልትራ 10 የሚባል፣ ሰን ኩባንያ የሠራው አሮጌ ኮምፒውተር አለ፣ ሶላሪስ 8 የሚባለው የዚያው ኩባንያ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የተጫነበት። ሶላሪስ 8 የወጣው በፈረንጆቹ 2000 ነው፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ የገቡት ልጆች ሳይወለዱ ማለት ነው። የድሮው የሂሳብ መዝገብ በሙሉ እሱ ላይ ነው ያለው፣ ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም፣ ሶርስ ኮዱም (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ) የለም፣ ያለው ስፓርክ የሚባለው የሰን ፕሮሰሰር ባለበት ሶላሪስ ላይ ብቻ የሚሮጥ ፋይል ነው። ማሽኑ ራሱ ግን እውነት ለመናገር ምንም አይልም፣ ጸጥ ብሎ ይሠራል።

ጣጣው የመጣው ኦዲተሮች ሲመጡ ነው። ቴልኔትና ኤፍቲፒ (ከርቀት መግቢያና ፋይል ማሻገሪያ የድሮ መንገዶች) ይዘጋ፣ ተመስጥሮ በሚገባበት በኤስኤስኤች ይገባ፣ ሪፖርት የሚታይበት ዌብ ገጽም ምስጠራው ቢያንስ ቲኤልኤስ 1.2 ይሁን ብለው ጽፈው ሄዱ። ልክ ናቸው፣ በቴልኔት ስትገባ ፓስወርድህ ራቁቱን ነው ኔትወርኩ ላይ የሚሄደው፣ በዚህ አልከራከርም። አለቃዬ ደብዳቤውን አነበቡና «ይሄ እኮ ሶፍትዌር መጫን ነው፣ እስከ አርብ ጨርሰው» አሉኝ። እስከ አርብ! ኧረ በናታችሁ!

በቃ እስቲ አብረን እንጫን። ሶላሪስ 8 ከነጭራሹ ኤስኤስኤች ይዞ አልመጣም፣ እሱ የተጨመረው ሶላሪስ 9 ላይ ነው። ስለዚህ ኦፕን ኤስኤስኤች የሚባለውን ነጻ የኤስኤስኤች ፕሮግራም ራስህ ታወርዳለህ። ከየት? ማሽኑ ላይ ያለው ኔትስኬፕ የዛሬን ዌብሳይት መክፈት አይችልም፣ ኤችቲቲፒኤሱ አይግባባም። እና ላፕቶፕ ላይ ታወርድና በምን ታሻግረዋለህ፣ በኤፍቲፒ! ዝጋ በተባልኩት! እሺ ተሻገረ። ስትፈታው የሶላሪስ ታር (የታሸገ ፋይል መፍቻው) ረጅም የፋይል ስም ሲያይ ይደናበርና የቼክሰም ኤረር ይተፋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ግኑ የሚባለው የነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት የሠራውን ታር ፈልግ። እሱን አገኘህ፣ ኮምፓይል ልታደርግ (ኮዱን ወደሚሮጥ ፕሮግራም ልትቀይር) ሲሲ ብለህ ትጽፋለህ፣ «ላንጉዊጅ ኦፕሽናል ሶፍትዌር ፓኬጅ ኖት ኢንስቶልድ» ይልሃል። ሲሲ የሚባለው ትእዛዝ አለ፣ ኮምፓይለሩ ግን የለም፣ ለብቻው በገንዘብ ይሸጥ ነበር። እዚህ ጋ ማሽኑ ሙድ የሚይዝብኝ ነው የመሰለኝ።

ስለዚህ ነጻው ኮምፓይለር፣ ጂሲሲ። አዲሱን እንዳትጭን ደግሞ፣ ከ4.8 ጀምሮ ጂሲሲ ራሱ የሚገነባው በሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር ነው፣ ማለት ኮምፓይለር ለመሥራት ኮምፓይለር ያስፈልግሃል። የድሮ ፓኬጅ ከሆነ ቦታ ለቃቅመህ እንደምንም አስገባህ እንበል። አሁን ኦፕን ኤስኤስኤል፣ ማለት ምስጠራውን የሚሠራው ላይብረሪ፣ አዲሶቹ ደግሞ ፐርል የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ 5.10 ካላገኙ ኮንፊገር (የመገንባት ዝግጅቱን) እንኳን አይጀምሩም፣ ሶላሪስ 8 ያለው 5.005 ነው። ስለዚህ ኤስኤስኤች ልትጭን መጥተህ ቁጭ ብለህ ፐርል ኮምፓይል ታደርጋለህ! ማሽኑ ደግሞ ጊጋኸርዝ የሚባል ነገር አልደረሰበትም፣ ለቀኸው ሄደህ ምሳ በልተህ፣ ቡና አስፈልተህ ጠጥተህ፣ ስትመለስ ገና ግማሽ ላይ ነው። ከዚያ ሊንክ ሲያደርግ (ቁርጥራጮቹን ሲያገጣጥም) ሶኬት የሚለውን አላውቅም ይልሃል፣ ምክንያቱም ሶላሪስ የኔትወርክ ፈንክሽኖቹን ለብቻ ላይብረሪ ውስጥ ነው የከተታቸው፣ እሱን በእጅህ ትጨምርለታለህ። ሁሉም ነገር አለቀ ስትል ደግሞ ራንደም ዲቫይስ የለውም፣ ሲስተሙ ላይ ቁልፍ የሚፈለፍልበት የዘፈቀደ ቁጥር የሚሰጥ ነገር የለም። ለዚህ 112438 የሚባል የሰን ፓች (ማስተካከያ) አለ፣ ግን ሰን በ2010 ከተሸጠ በኋላ ፓች የሚወርደው ሰፖርት ኮንትራት ላለው ነው። ለዚህ ማሽን ሰፖርት ኮንትራት! አለቃዬን ልጠይቃቸው እንዴ?

«ኦፕን ኤስኤስኤልን ትተህ ኤስኤስኤቹን ብቻ ገንባው፣ ይቻላል» የሚል አዋቂ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አዎ ይቻላል፣ ቲኤልኤሱንስ ማን ይሠራልኛል? «እሺ የ2003ቱን ኤስኤስኤች ፓኬጅ ዝም ብለህ ጫነው» የሚልም አለ። እሱንም ጭኖ ከአዲስ ላፕቶፕ የሞከረ ያውቀዋል። ኦፕን ኤስኤስኤች በ2015 የድሮውን የቁልፍ መለዋወጫ ዘጋ፣ በ2021 ሻ 1 በሚባለው የድሮ ዘዴ የሚፈረመውን የአርኤስኤ ፊርማ ዘጋ፣ በ2025 ዲኤስኤ የሚባለውን የድሮ የቁልፍ ዓይነት ጭራሽ ነቅሎ ጣለው። ሁለቱም ኤስኤስኤች ናቸው፣ ሁለቱም ፖርት 22 ላይ ናቸው፣ ሰላም እንኳን አይባባሉም። በትእዛዝ አስገድደህ ብታገናኛቸው ደግሞ የኦዲተሩ ድክመት ፈላጊ ስካነር መጥቶ ቀይ በቀይ ያደርግሃል።

እና መብራት። መብራት ሲሄድ የዚህን ማሽን ጉድ ማየት ነበረባችሁ። ሰዓቱንና የኔትወርክ መለያ አድራሻውን (ማክ አድራሻውን) የሚይዝ ቺፕ አለው፣ ባትሪው ቺፑ ውስጥ ታሽጎ የተሠራ፣ እሱ ከሞተ ቆይቷል። ዩፒኤሱም እንደዚሁ ነፍሱ የለም። ስለዚህ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ማንነቱን ረስቶ ይነሳል፣ ማክ አድራሻው ኤፍ ኤፍ ኤፍ ብቻ ይሆናል፣ እኔ ጨለማ ክፍል ውስጥ በስልኬ መብራት ቁጥሮቹን ከወረቀት እያየሁ አንድ በአንድ እተይባለሁ። ሰዓቱም ስለሚጠፋ ያን ሁሉ ለፍተህ የጫንከው ሰርተፍኬት «ጊዜው ገና አልደረሰም» ይባላል። ፐርል ኮምፓይል እያደረገ መሀል ላይ የሄደብኝን ቀንማ አታንሱብኝ።

መፍትሔው ደግሞ አስቸጋሪ ቢሆን እኮ አልናደድም ነበር። ከፊቱ ሊኑክስ የተጫነበት አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ማስቀመጥ ነው፣ ኤስኤስኤቹንም ቲኤልኤሱንም እሱ ይቀበላል፣ ከኋላው በአንዲት ኬብል ከአሮጌው ጋር ብቻቸውን ያወራሉ፣ ሌላ ማንም አይደርስበትም። የማንም አሮጌ ዴስክቶፕ ይበቃል። ጠየቅኩ። ንብረት ክፍል ሄድኩ፣ የተመለሱት ዴስክቶፖች «ለማስወገድ የተመዘገቡ» ናቸው፣ አይነኩም። ግዢ ክፍል ሄድኩ፣ ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ። ፕሮፎርማውን አመጣሁ፣ ዋጋው የሚጸናበት ጊዜ አልፏል፣ አድስና ና። አለቃዬ ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ «ያ አፕዴት አላለቀም እንዴ?» ይሉኛል፣ ፈገግ ብለው ነው እኮ ደግሞ።

ለማንኛውም የድሮ የሶላሪስ 8 ፓች ሲዲ ቁምሳጥን ውስጥ አቧራ የጠጣ ያለው ሰው ካለ ኢንቦክስ ያድርግልኝ፣ መጥቼ እወስዳለሁ፣ ቡናም ምሳም በኔ ነው። ኮሜንት ላይ «ለምን ፎርማት አድርገህ ሊኑክስ አትጭንበትም» የሚለኝን ግን ብሎክ ነው የማደርገው።