እስከ ቀዶ ሕክምናው ድረስ ስላለው ጊዜ

አዘጋጆቹ ያወጡት ጽሑፍ ከንፈራቸው ወይም ላንቃቸው ተሰንጥቆ ስለሚወለዱ ሕፃናት ቀዶ ሕክምና በሚገባ ያስረዳል፤ እስከዚያ ድረስ ሕፃኑ እንዴት እንደሚመገብ ግን በአንድ መስመር ብቻ አልፎታል። ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን አፉና አፍንጫው ስላልተለያዩ ጡት ስቦ መጥባት ያቅተዋል። ቢቸና አካባቢ የምትኖር እኅቴ፣ ወተቱ በልጇ አፍንጫ ሲመለስ እያየች፣ ጎረቤት «እርግማን ነው» ሲላት (ችግሩ በእርግዝና የመጀመሪያ ሳምንታት የፊት ክፍሎች ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ የሚፈጠር ሆኖ ሳለ) ስታለቅስ ሰነበተች። በኋላ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የጡቷን ወተት አውጥታ፣ ልጁን ቀና አድርጋ ይዛ፣ በቡና ስኒ ጠርዝ ጥቂት በጥቂቱ እንድታጠጣው አሳየቻት። ከንፈር ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር፣ ላንቃ ደግሞ እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ስለሚጠገን፣ ልጁን ለዚያ ያደረሰው ይኸው ስኒ ነው። አዘጋጆቹ አያያዙን በሥዕል አስደግፈው ቢያወጡልን እጅግ አመሰግናለሁ።