ክብር ለተርከፍካፊው

ዛሬ የማመሰግነው ሰው አለ። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት በሚኒባስ ስትሄዱ ከጎናችሁ የሚቀመጠውን፣ የሎሚ ሽቶ ተርከፍክፎ የሚመጣውን ወንድማችንን። ከሱ ጋር መጓዝ መታደል ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ዕድሉ ደረሰኝ። ጠዋት 12 ሰዓት፣ መናኸሪያ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሽቶ እንኳ ከገላ መነሳት ይሰንፋል። ልጁ አንገቱ ላይ ነፋ። አሸተተ። "አልሸተተም" ብሎ ጨመረ። ጃኬቱ ላይ አራቴ፣ የቀረውን እኔ ላይ። ቸር ሰው ነው።

የመጀመሪያዋ ደቂቃ ታምራለች፤ አልዋሽም። ብርቱካን ስትልጡ ከልጣጩ ፊጭ የምትለዋን ነገር ናት። ግን የሎሚና የብርቱካን ዘይት ቀላል ነው፤ ቶሎ ይተናል። ግማሽ ሰዓት፣ ግፋ ቢል አንድ ሰዓት። ድሮ የእኛ ጥርኝ ዝባድ ባህር ማዶ የሚሻገረው እንዲህ ያለውን በራሪ ሽታ ይዞ እንዲያቆይ ነበር። ወንድማችን ዝባድ ምን ያደርግለታል? ጠርሙሱ ኪሱ ውስጥ ነው።

ጣርማበር ስንደርስ ሎሚው ሄዷል። የቀረው ሳሙና ሳሙና የሚል ነገር ነው። እሱ ደግሞ አፍንጫው ስለለመደው ይህም አይሸተውም። ስለዚህ ዋሻው ውስጥ፣ ጨለማውን ተገን አድርጎ፣ ፍስስ።

መስኮት? ማን ይከፍታል! ንፋስ ይመታናላ። ብርድ ከሚመታን ታፍነን ብንሞት ይሻላል። ተሳፋሪውንም ሳላመሰግን አላልፍም፤ አንዲት ጠብታ እንዳትባክን ተባብሯል።

ደብረ ሲናን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ መጣ። ከሎሚው ስር ተኝቶ የነበረው ከባዱ ሽታ ባንዴ ተነሳ። የጠዋቱ፣ የዋሻው፣ ጃኬቱ የያዘው የትናንቱም ጭምር። ረዳቱ አንገቱን በበሩ መስኮት አውጥቶ ቀረ። ልጁ ግን ፏ ብሏል። "አሁን ገና ሸተተ" አለኝ።

ከኋላ የተቀመጡ እናት አቅለሸለሻቸው። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጫን አድርገው፣ "ልጆቼ፣ ሎሚ የያዘ የለም? ባሸተው ይሻለኝ ነበር" አሉ።

ወንድማችን ዞር አለ። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

"እማማ፣ እኔ አለኝ።"