ሸማኔውን ከጉድጓዱ ያወጣው ማን ነው?

የጎንደር ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

ቅዳሜ ገበያ ነበርኩ። አንዲት ወይዘሮ ነጠላ አነሳች። አገላበጠች፣ ጥለቱን በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገች፣ የተጠራላትን ዋጋ በግማሽ ቆረጠች። ሸማኔው ምንም ሳይል አጥፎ መለሰው። እሷም እልፍ ብላ በማሽን የታተመ ጥለት ያለበትን ሳትከራከር ገዛች። የጥምቀት ልብሷ መሆኑ ነው! አልፈርድባትም። አምና እኔም ለልጄ ያንኑ ነው የገዛሁት።

ጥምቀታችን በ2012 ዩኔስኮ ሲመዘገብ እልል ብለናል። ታቦት አጅበን ወደ ፋሲል መዋኛ ስንወርድ ግን የሰው አገር ፋብሪካ ያተመውን ፖሊስተር ለብሰን ነው። ከዚያ ቡና ላይ ቁጭ ብለን «የድሮው ሸማ የት ገባ?» እንባባላለን።

የት እንደገባ ልንገራችሁ። የማውቀው አንድ ሸማኔ ቤት ወለሉ ላይ ጉድጓድ አለ። እግሩን ሰዶ የሚሠራበት ነበር። የጉድጓዱ ጠርዝ ከመቀመጥ ብዛት እንደ ወፍጮ ድንጋይ ለስልሷል። አሁን ሽንኩርት ተከምሮበታል። ሚስቱ እንዝርቷን ሰቅላ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። እሱ ሕንፃ ላይ ሲሚንቶ ያወጣል፣ ያውም በዚህ ዕድሜው። መወርወሪያውን ግን አልሸጠም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስትሉ እሰማለሁ። ድሩን የሚያደራው ሰው አሸዋ እየዛቀ ነው።

ጦርነቱ፣ የመንገዱ መዘጋት፣ የቱሪስቱ መቅረት፣ የክር ዋጋ፤ ይሄ ሁሉ አለ። እሱ ከእጃችን ውጭ ነው እንበል። ስድቡስ? ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነገሩ። እኛ ግን ዛሬም ለሠርግ ዘር ስንቆጥር «የሸማኔ ልጅ ነው» ብለን ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን።

ወለቃን አስቡ፣ በደባርቅ መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ። ቤተ እስራኤሎች ብረት ሲቀጠቅጡ፣ ሸክላ ሲሠሩ የኖሩበት ነው። ማረሻውንም ምጣዱንም ከእነሱ ገዛን። ማታ ደግሞ ልጆቻችንን «ቡዳ ይበላሃል» እያልን አስፈራራንባቸው። ግንቦት 1983 ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ተጭነው ወደ እስራኤል ሄዱ። ቀድመው በሱዳን በኩል በእግራቸው የወጡም ነበሩ። የጠራቸው እምነታቸው ነው፣ ልክ ነው። «ምነው ብትቀሩ» ያለ ጎረቤት ግን ስንት ነበር?

ጥምቀት ጥር 11 ነው። ደህና ሸማ በአንድ ጀምበር አያልቅም። ከኅዳር ጀምራችሁ እዘዙ። ቀብድ ስጡት፣ ክር ይግዛበት። በዱቤ የወሰደው ክር ነው ወገቡን የሰበረው።

እኔ ቀብዴን ሰጥቻለሁ። ሽንኩርቱን እስኪያነሳ እየጠበቅሁት ነው።