«እርሳሱን አጠንክረው» የምትሉ ሰዎች፣ ኧረ በፈጠራችሁ!

አንዱ መጥቶ «አሮጌው የጦር ጠመንጃ ራሴ ባቀለጥኩት አረር ስተኩስበት ውስጡ በእርሳስ ይለበጣል፣ ዒላማውንም በጎኑ ይመታዋል» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ሁሌም ያው ነው። «እርሳሱን አጠንክረው!» አንድ ሰው እንኳ «የጠመንጃህን ቱቦ የውስጥ ስፋት ለክተሃል ወይ?» አይልም።

ምስኪኑ ይሄድና እርሳስ የሚያጠነክረውን ብረት፣ አንቲሞኒን፣ ይጨምራል፣ ትኩሱን አረር ውሃ ውስጥ ይነክራል፣ ጥንካሬውን ብሪኔል በሚባለው የጥንካሬ መለኪያ ከ12 ወደ 22 ያደርሰዋል። ከዚያ ቱቦው ከበፊቱ ብሶ ያገኘዋል። ለምን አይብስ! ለቱቦው የጠበበ አረር ለስላሳ ሲሆን ቢያንስ የባሩዱ ግፊት ቂጡን አስፍቶ ቦዩን፣ ማለትም በቱቦው ውስጥ እየተጠማዘዘ የተቆፈረውን መስመር፣ ይሞላለታል። ጠንካራው ግን አልሰፋም ይላል፤ ጋዙ በጎኑ ይሾልክና እያቀለጠ ይልጠዋል፣ የተላጠው ደግሞ ቱቦው ላይ ይለጠፋል። በሽታው ጥበት ነው፣ የታዘዘው መድኃኒት ጥንካሬ።

«7.62 ነው እኮ የሚለው» እንዳትሉኝ። የሩሲያው ጠመንጃ የሞሲን ናጋንት 7.62 የሚለካው ከቦዮቹ መሀል ካለው ጉብታ እስከ ጉብታ ነው። ከቦይ እስከ ቦይ ሲለካ ከ7.82 እስከ 8.03 ሚሜ ድረስ የሚዋልል ይገኛል። የጣሊያኑን ካርካኖ ከሌሎቹ 6.5 ጠመንጃዎች እኩል የሚያዩትማ ይብሳሉ፤ የሌሎቹ ቦይ 6.70 ገደማ ሲሆን የሱ 6.80 ነው። በጦርነት ጊዜ በጥድፊያ የተሠራ ቱቦ መጽሐፍ አይቶ አያውቅም።

ስለዚህ ለኩ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፣ መቀርቀሪያውን አውጡ። ከቦዩ ትንሽ ወፈር ያለ ንጹሕ ለስላሳ እርሳስ ዘይት ቀብታችሁ በአፈሙዙ በኩል በፕላስቲክ መዶሻ አስገቡ፣ ከዚያ በናስ ዘንግ ቀስ እያላችሁ እስከ ወዲያኛው ጫፍ ግፉት። የእንጨት ዘንግ ይሰነጠቅና ውስጡ ይቀረቀራል፣ ሌላ ጣጣ። የወጣውን ረቂቅ ልዩነት በሚለየው መለኪያ፣ በማይክሮሜትር፣ ለኩ። ተንሸራታቹ መለኪያ፣ ካሊፐር፣ 0.02 ሚሜ ቢሳሳት ማንም አይወቅሰውም፤ እኛ የምናሳድደው ግን ያቺኑ 0.02 ነው። የእንግሊዙ ጠመንጃ ሊ-ኤንፊልድ አብዛኛው 5 ቦይ ስላለው ከቦይ ትይዩ ቦይ የለም፣ በቀጥታ ስትለኩ ያሳንስባችኋል። ውፍረቱ የታወቀ ስስ የብረት ቅጠል በእርሳሱ ዙሪያ አንዴ ጠቅልላችሁ ለኩ፣ ከዚያ የቅጠሉን ውፍረት ሁለት ጊዜ ቀንሱ። ባገኛችሁት ቁጥር ላይ ከ0.03 እስከ 0.05 ጨምሩ፤ የአረራችሁ ልክ ያ ነው።

አሁን ደግሞ ማንም የማያነሳው ጉድ። አረሩን በልኩ አበጃችሁ እንበል፣ 7.97። የቀለሁን አንገት የምታሰፋው እንክብል ግን የተሠራችው መዳብ ለለበሰ ጥይት ነው፣ አንገቱን ጠባብ አድርጋ ትተወዋለች። ለስላሳው አረር ሲገፋበት የቀለሁ ናስ ያሸንፈዋል፤ 7.97 ሆኖ የገባው 7.88 ሆኖ ተቀምጧል። ከዚያ «ለክቼ ነበር እኮ» ይባላል! ባሩድም፣ ባሩዱን የሚለኩሰው ካፕሱልም በሌለው ቀለህ ላይ አንድ አረር ሰኩ፣ መልሳችሁ ንቀሉና ለኩ፤ ጉዱ ይወጣል። መፍትሔው ባለ ሁለት ደረጃ ማስፊያ ነው። አንዱ ደረጃ ከአረሩ ትንሽ ብቻ ጠበብ ያለ፣ ሌላው የአንገቱን ከንፈር ብቻ ከአረሩ አስፍቶ የሚከፍት። ከንፈሩ ካልተከፈተ ናሱ የአረሩን ጎን ይፍቀዋል። ግን አረር አወፈርን ብላችሁ የቀለሁ አንገት መጉረሻው፣ ማለትም ጥይቱ የሚገባበት የቱቦው ኋላ፣ ውስጥ ተጣብቆ እንዳይቀመጥ። አረሩን ለመልቀቅ መላወሻ ካጣ ግፊቱ ይንራል፣ ይሄ ቀልድ የለውም።

እርሳሱ የተለጠፈበት ቦታም ይናገራል። ከመጉረሻው ወዲያው ቀጥሎ ከሆነ አረሩ ጠቧል ማለት ነው። ወደ አፈሙዙ ሲቃረብ ከሆነ አረሩ የተቀባው ቅባት መንገድ ላይ አልቋል። ከሁለቱም በፊት ግን የድሮውን የመዳብ ቅሪት ጥርግ አድርጋችሁ አውጡ፤ በመዳብ ላይ እርሳስ እየደረባችሁ ቅይጡን አትውቀሱ።

ቅይጥ ካነሳን፣ 2 በመቶ ቆርቆሮ አረሩ የሚፈስበትን ፎርማ በደንብ ያስሞላል፣ ከዚያ በላይ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው። የመኪና ጎማ ማመጣጠኛ የምታቀልጡ ዚንኩን ለዩ። ዚንክ የሚቀልጠው 420 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ማቅለጫውን ከ400 በታች ስትይዙት ይንሳፈፋል፣ በጭልፋ ታወጡታላችሁ። አንዴ ከተዋሐደ ድስቱ ገንፎ ነው። እርጥብ ነገር ደግሞ ከቀለጠ እርሳስ ጋር ከተገናኘ ይፈነዳል። ክፍሉ አየር ይኑረው፣ እጅ ሳይታጠቡ መብላት የለም።

ባሩዱን ከአምራቹ ሠንጠረዥ ውጭ ከማንም አትቀበሉ፣ ከኔም ቢሆን። ለአረር የሚሆነው ትንሽ መጠን የቀለሁን ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ ሁለት ጊዜ ቢጨመር አይፈስም፣ አይታወቅም። አረሩን ከመሰካታችሁ በፊት እያንዳንዱን ቀለህ በባትሪ እዩ።

ሌላው የሚያናድደኝ ደግሞ ፎርማው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚሠራው ለአንድ ዓይነት ቅይጥ ነው። ንጹሕ እርሳስ ካፈሰሳችሁበት ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ይኮማተራል፣ ጠብቦ ይወድቃል። ያኔ «አረሩ ተገፍቶ የሚያልፍበት ማጥበቢያ ያስተካክለዋል» የሚል አይጠፋም። ኧረ ጎበዝ፣ ማጥበቢያ ያጠብባል እንጂ መቼ ያሰፋል!