ፈርጉሰንን ጥቁሮች አላፈረሷትም

የአሜሪካ የቤቶችና ከተማ ልማት ሚኒስትር ስኮት ተርነር በ2025 አንድ ደንብ ሰረዙ። የፌዴራል ገንዘብ የሚወስዱ ከተሞች በመኖሪያ ሰፈር የዘር መለያየትን እንዲታገሉ የሚጠይቅ ደንብ ነው። ይህን ስናወራ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አንድ ወዳጄ፣ "ደግ አደረጉ፤ ጥቁር የበዛበት ሰፈር ይበላሻል፣ አይተነዋል" አለኝ። ያውም ሐበሻ!

"አይተነዋል" ያላት ነገር ናት ያንገበገበችኝ። ያየነው መጨረሻውን ብቻ ነው።

ሚዙሪ ያለችውን ፈርጉሰንን እንውሰድ። አጠገቧ ኪንሎክ የምትባል የጥቁሮች ከተማ አለች። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ከኪንሎክ ወደ ፈርጉሰን የሚያስገባው ዋና መንገድ በሰንሰለት ተዘግቶ ነበር። ሌላ አንድ መንገድ ቀን ቀን ይከፈታል፤ የቤት ሠራተኞችና ሞግዚቶች እንዲያልፉበት። ልጅ አሳድጊልን፣ ምግብ አብስይልን፣ ግን እዚህ እንዳታድሪ ማለት ነው።

ሰንሰለቱ ብቻውን አልነበረም። ሌቪታውንን የመሳሰሉ ሰበርቦች (የከተማ ዳር መኖሪያ ሰፈሮች) በመንግሥት የብድር ዋስትና ሲሠሩ ለጥቁር እንዳይሸጡ ተብለው ነው። በቤት ሽያጭና ኪራይ የዘር አድልዎን የከለከለው የ1968ቱ ሕግ በሩን ሲከፍት ጥቁሮች ገቡ፣ ነጮች ወጡ። ፈርጉሰን በ1970 ነዋሪዋ ከሞላ ጎደል ነጭ ነበር፤ በ2010 ከሦስቱ ሁለቱ ጥቁር ሆነ። ከወጡት ጋር ገንዘቡም ወጣ። የቤት ዋጋ ሲወርድ ግብሩ ይወርዳል፣ ግብሩ ሲወርድ ትምህርት ቤቱ ይደኸያል፣ ያኔ አቅም ያለው ሁሉ ዕቃውን ይጭናል። ከተማዋ ታዲያ ኪሷን በምን ሞላች? በቅጣት!

የፍትሕ ሚኒስቴር ስለ ፈርጉሰን ባወጣው የ2015 ሪፖርት ላይ የአንዲት ጥቁር ሴት ታሪክ አለ። በ2007 መኪናዋን ያለቦታው አቆመችና 151 ዶላር ተቀጣች። መክፈል አቃታት፣ ቀጠሮ አለፋት፣ ቅጣቱ ተደራረበ፤ ስድስት ቀን ታሰረች። 25 ዶላር ብትልክ፣ 50 ዶላር ብትልክ ፍርድ ቤቱ "ሙሉውን ካልሆነ" ብሎ መለሰባት። በ2014 መጨረሻ 550 ዶላር ከፍላም 541 ዶላር ቀርቶባት ነበር።

ሰፈሩን ያበላሸችው እሷ ናት? ወንጀል የለም አላልኩም። ግን ሰው ዘርፈህ ስታበቃ "ድሃ ሰፈር ያበላሻል" ማለት ነውር ነው።

ወዳጄ፣ ካውንቲው መዝገብ ቤት ሂድና የቤትህን የድሮ ውል አውጣ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ብዙ ቤቶች "ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም" የሚል ቃል ተጽፎባቸው ነው የተሸጡት። ያንተም እንደዚያ ከሆነ፣ ጮክ ብለህ አንብብልኝ።