ለወላጅ የሚታይ ደብተር

ስዊድን ውስጥ የሚኖሩ ያገሬ ሰዎች ልጆቻቸውን አፀደ ሕፃናት ባስገቡበት ሰሞን «ሲጫወቱ ይውላሉ እንጂ ምንም አይማሩም» ብለው ሲያማርሩ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ደሴ ስገባ ደግሞ ወላጆች ትምህርት ቤቶችን የሚያወዳድሩት የአራት ዓመት ልጅ ስንት ገጽ እንደሚጽፍና የእንግሊዝኛ ፊደላትን መቼ እንደሚጨርስ በመጠየቅ ነው። ሁለቱም ወገኖች ደብተር ላይ ያልታየ ነገር ትምህርት አይመስላቸውም።

በሕጉ ከሄድን አገሮቹ ያን ያህል አይራራቁም፤ በሁለቱም አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው። የሚለያዩት ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቶ በ2018 የተሻሻለው የስዊድን የቅድመ መደበኛ ሥርዓተ ትምህርት ግብ የሚያስቀምጠው ለተቋሙ እንጂ ለእያንዳንዱ ሕፃን ስላልሆነ ልጆቹ አይፈተኑም፣ ደረጃም አይወጣላቸውም። ይህ ማለት ግን መምህሯ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች ማለት አይደለም፤ ልጁ ምን ላይ እንዳተኮረ ትከታተላለች፣ ያለውን ቃል በቃል ትጽፋለች፣ ፎቶ ታነሳለች፣ በማግስቱም ጥያቄውን የሚያሰፋ ዕቃ ታቀርብለታለች። ለዚህም ነው የአገሪቱ የትምህርት ባለሥልጣን ለ4 እና ለ5 ዓመት ልጆች በአንድ ቡድን ከ9 እስከ 15 ሕፃናት እንዲሆኑ የሚመክረው።

ደሴ የበልግ ዝናብ ሲዘንብ ያየሁት የእህቴን ልጅ ነበር። የቤት ሥራው አንድ ገጽ ሙሉ «ቢ» መጻፍ ሲሆን፣ ሲደክመው እናቱ እጁን ይዛ ትጽፍለት ነበር። ዝናቡ እንዳባራ ደጅ ወጥቶ ከጎረቤት ልጆች ጋር ቦዩን በጭቃ መገደብ ጀመረ፤ ግድቡ ሲፈርስበት ትልልቁን ድንጋይ ከሥር አስገባ፤ ዳግመኛ ሲፈርስ ደግሞ ማንም ሳይነግረው ውኃው በጎን የሚያልፍበት ማፋሰሻ ከፈተ። ከጦሳ ተራራ ሥር ላደገ ልጅ የሚወርድ ውኃ ብርቅ ባይሆንም፣ የስዊድኗ መምህርት ብታየው ሁለት ገጽ ትጽፍበት ነበር። እኛ ቤት የተነገረው ስለ ቆሸሸው ሱሪ ብቻ ነው።

«ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ማሪያ ሞንቴሶሪ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት እ.ኤ.አ. በ1907 የከፈተችው ግን በሮም የድሆች ሰፈር በሳን ሎሬንሶ ነበር፤ ስሟ የውድ ትምህርት ቤት ማስታወቂያ የሆነው በኋላ ነው። ወሎም ቢሆን ልጅን እንደ አቅሙ ማስኬድ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ የኔታ ፊት ፊደል የሚቆጥረውም ሆነ ሉሑን (የቁርኣን መማሪያ የእንጨት ሰሌዳውን) ይዞ የሚቀራው ልጅ ጓደኛው ስላለፈ ብቻ አያልፍም ነበር። የሚማረውን አይመርጥም፤ ኩርኩሙም አይረሳም፤ ሆኖም ሁሉም በአንድ ቀን አንድ ገጽ ላይ እንዲገኝ የሚጠብቅ አልነበረም።

በመምህራኑ መፍረድ አልችልም። ያነጋገርኳት የአፀደ ሕፃናት መምህርት ክፍሏ ሕፃናት የሞሉበት ረዳት የሌላት ናት፤ ደብተሩ ባዶ ከሆነ ወላጅ ልጁን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንደሚወስድ በግልጽ ነግራኛለች። የጎደለው ከውጭ የሚመጣ መጫወቻ አይደለም፤ ጭቃ፣ የሽቦ መኪናና የለስላሳ ቆርኪ ደሴም ኮምቦልቻም ሞልቷል። የሚቀለው ጅምር ከእኛ ከወላጆችና ከዘመዶች ይመስለኛል፤ በወላጆች ስብሰባ ላይ መምህሯን ስለ ገጹ ብዛት ከመጠየቅ ይልቅ ልጁ በዚህ ወር በራሱ አነሳሽነት ምን እንደሞከረ ብንጠይቃት፣ ለመመልከት የምታጠፋው ጊዜ እንደ ሥራ ይቆጠርላት ነበር።