ጤፉንም ጦርነቱንም የሚወስነው አንድ እጅ ነው

ወገኖቼ፣ ይህን የምናገረው ድምፅ ለምትሰጡ ሁሉ ነው። እኔም ከእናንተው ነኝና ወቀሳው ከራሴ ይጀምራል።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ከማለዳ ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ የቆሙት እናት ልጃቸው ዘምቶባቸዋል፤ ከኋላዬ ያለው ሰው የዘይቱንና የጤፉን ዋጋ እያነሣ ያማርራል። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። በዚያ ረጅም ሰልፍ ግን የምንመርጠው ሰው ስለ ጦርነቱም ሆነ ስለ ኑሮው ምን እንደሚል የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ምልክቱን ለይተን፣ ጣታችንን ቀለም አስነክተን ወደየቤታችን ገባን። የትግራይ ወገኖቻችን ያን ቀን ጭራሽ አልመረጡም።

የመረጥነው ምክር ቤት መስከረም 24 ቀን 2014 ሥራ ጀመረ። ጥቅምት 25 ቀን፣ ገና ወር እንደሞላው፣ ለመላ አገሪቱ የወጣውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አጸደቀ። በጥር ደግሞ ለመከላከያ፣ ለዕርዳታና ለመልሶ ግንባታ የሚውል 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። በዚያው ዓመት የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። ሰልፉ ላይ የእናትየውን ጭንቀት ከሰውየው ምሬት ለይተን ሰማን፤ ሁለቱም የተወሰኑት ግን በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ እጅ ነው።

መንገድ ሲዘጋ እህል ጎተራ ውስጥ ይቀራል። ገበሬው ሲዘምት ማሳው ጦሙን ያድራል። መንግሥት ለወጪው ከብሔራዊ ባንክ ሲበደር በኪሳችሁ ያለው ብር ይረክሳል። ይህን እናንተ ከእኔ በላይ ኖራችሁበታል። ታዲያ ስለምን ኑሮ ሲያንገበግባችሁ ስንዴና ዘይት ይዞ ለመጣው፣ ጦርነት ሲያስፈራችሁ ደግሞ «የእኛ ልጅ ነው» ለተባለው ካርዳችሁን ትሰጣላችሁ? ለልጁ ራት የሚጨነቅን ሰው ስለ ሕግ አንቀጽ መምከር ልብ የሌለው ሥራ እንደሚመስል አውቃለሁ። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 በጀት የማጽደቁንም ጦርነት የማወጁንም ሥልጣን የሰጠው ለዚያው እናንተ ለምትልኩት ሰው ነው። ስንዴው በወር ያልቃል፤ ሰውየው ግን አምስት ዓመት ይቀመጣል።

አሁንም ዕጩዎች ወደ ሰፈራችሁ ሲመጡ አጨብጭባችሁ አትሸኟቸው። ስብሰባው መካከል ተነሡ። «የጦርነት አዋጅ ቢቀርብልህ በምን ምክንያት ትደግፋለህ? በምንስ ትቃወማለህ? ለጦር የሚወጣው ገንዘብ ከየትኛው ትምህርት ቤት፣ ከየትኛው ጤና ጣቢያ ይቀነሳል? ፓርቲህ እጅህን አውጣ ሲልህና እኛ አታውጣ ስንልህ የማንን ትሰማለህ?» በሉት። ልጃቸው የዘመተባቸው እናቶች በፊተኛው ወንበር ይቀመጡ፤ መልሱን ዓይናቸውን እያየ ይናገር።